ልብስ አንጠልጣይ የፍቅር ታሪክ

መጽሐፍ መጻፍ ቀላል ነው። ይህን የምለው ጉራ ልነዛባችሁ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ስላየሁት ነው።

እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጂኦግራፊ የማስተምር፣ ሃምሳን የተሻገርኩ፣ ፀጉሬ ከአናቴ ላይ ጠቅልሎ የለቀቀ ሰው ነኝ። የተማሪ ፈተና አርሜ በምትተርፈኝ ሰዓት፣ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ የፍቅር ልብ ወለድ ጻፍኩ። ስጨርስ አለቀስኩ። በራሴ ጽሑፍ ማለቴ ነው። ባለቤቴ እታለም ከጓዳ ብቅ ብላ «ምን ሆንክ?» ስትለኝ፣ እንባዬን እየጠረግሁ «አስቴር…» ብቻ ብዬ ቀረሁ።

«አስቴር ደግሞ ማናት?» አለች።

አስቴር የመጽሐፉ ባለታሪክ መሆኗን እስካስረዳ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

አሳታሚ ስላጣሁ ራሴ አሳተምኩት። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተጭኖ ሲመጣ ቤቱን የሚሞላ ካርቶን ሆነ። እታለም ለጥቂት ቀን እየዞረች ካየችው በኋላ፣ ሳሎኑ መሀል ደርድራ ጥልፍ ጨርቅ አለበሰችውና ጠረጴዛ አደረገችው። በዚህ ዓይነት የሥነ ጽሑፍ ሥራዬ ለሕዝብ የሰጠው የመጀመሪያ አገልግሎት የሽሮ ድስት መሸከም ሆነ። እንዲያውም «ጠንካራ ነው» ብለው እንግዶች አድንቀውልኛል።

የመጽሐፉ ርዕስ «የመስኖው መሐንዲስ» ነው። አሁን ትስቃላችሁ፤ ያኔ ግን ለእኔ ከዚህ የበለጠ የፍቅር ርዕስ አልነበረም። መሐንዲሱ በጥም ለተሰነጠቀው ማሳ ውኃ ያመጣል፤ በጥም ለተሰነጠቀው የአስቴር ልብ ደግሞ ፍቅር ያመጣል። ይህ እንዴት ለሰው አይገባውም? ሽፋኑ ላይም እንዳይሳሳቱ ብዬ ረጅም ቦይ አስሣልኩበት፤ መሐንዲሱ ዳር ላይ ቆሟል።

መጽሐፍ ሻጩ አቶ ቢያድግልኝ ሽፋኑን ገልበጥ አድርጎ አየና «ጥሩ፣ ጥሩ፤ ይህ ይፈለጋል» ብሎ ተረከበኝ። በሦስተኛው ቀን ብሄድ፣ መጽሐፌ በበቆሎ ምርጥ ዘር አጠቃቀምና በዶሮ በሽታዎች መከላከያ መሀል ተሰክቷል።

«ሽያጭ አለ?» አልኩት።

«ኧረ በደንብ! አንድ ሄዷል መምህር።»

ያ የሄደው አንዱ በሳምንቱ ተመለሰ። የገዛው ቁይ ከምትባል ትንሽ ከተማ የመጣ የግብርና ባለሙያ ነበር። ሱቁ ውስጥ አገኘሁትና፣ አንባቢዬን በአካል ሳይ የመጀመሪያዬ ስለሆነ እጄን ዘረጋሁለት። እሱ መጽሐፉን ዘረጋልኝ።

«የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎን» አልኩ ደረቴን ነፋ አድርጌ።

«እዚህ ጋ መሐንዲሱ የቦዩን ስፋት ሊለካ ወረደ ይላል።»

«ልክ ነው! ወሳኙ ቦታ እሱ ነው!»

«ስፋቱ ግን አልተጻፈም።»

«በዚያች ቅጽበት እኮ አስቴርን አያት!»

«እሱንማ አነበብኩ። እኔ የምፈልገው ስፋቱን ነው። ገበሬው ዶማ ይዞ ይጠብቀኛል።»

ከዚያን ቀን ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ። የስምጥ ሸለቆን አፈጣጠር እያስተማርኩ ልቤ ሱቁ ውስጥ ነው። በእረፍት ሰዓት ብር እላለሁ፤ በሱቁ በር አልፋለሁ፤ ተመልሼ አልፋለሁ፤ የረሳሁት ነገር ያለ አስመስዬ ኪሴን እየዳበስኩ ለሦስተኛ ጊዜ አልፋለሁ። አቶ ቢያድግልኝ አንድ ቀን በሩ ላይ ጠበቀኝና «መምህር፣ ወይ ይግቡ ወይ ይሂዱ፤ ተቆጣጣሪ እየመሰሉት ደንበኛ እየሸሸ ነው» አለኝ።

መፍትሔው ከመምህራን ማረፊያ መጣ። ሕሊና የምትባል ወጣት የእንግሊዝኛ መምህርት አለች፤ የፍቅር ልብ ወለድ በስልኳ ላይ እንደ ቆሎ የምትቆረጥም። ጭንቀቴን ሰምታ ከልቧ አዘነችልኝ።

«ጋሼ፣ ሰው መጽሐፉን ገና ሲያየው ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ አለበት» አለች። «የፍቅር ከሆነ የፍቅር ይምሰል። ደግሞ አንባቢዎ ያለበት ቦታ ይሂዱ እንጂ፣ ቦይ ከሚቆፍር ሰው ጋር ምን ያጣላዎታል? የፍቅር አንባቢ ፀጉር ቤት ተራ እየጠበቀ ነው።»

ምክሩ ጥሩ ነበር። ማበላሸቱን ለእኔ ተዉት።

በመጀመሪያ ሽፋኑ ላይ የሚለጠፍ ቀይ ወረቀት ማተሚያ ቤት አዘዝኩ። «ልብ አንጠልጣይ የፍቅር ታሪክ» ብላችሁ በትልቁ ጻፉልኝ፣ ጎኑ ላይ ልብ ሣሉበት አልኳቸው። ሲደርስ ጥድፊያዬ ለማየት እንኳ ፋታ አልሰጠኝም፤ ቅዳሜ ከቁርስ ጀምረን እኔና እታለም ካርቶን እየፈታን ስንለጥፍ ዋልን። እሷ ከእኔ የበለጠ ለጠፈች፤ እጇ ፈጣን ነው።

ሰኞ አንዱን ቅጂ ለሕሊና ወሰድኩላት። ተቀበለችኝ፣ አየችው፤ ከዚያ ጮክ ብላ አነበበችው።

«ልብስ አንጠልጣይ የፍቅር ታሪክ።»

አንዲት «ስ» ናት። የት እንደገባች፣ ማን እንዳስገባት እስከ ዛሬ አላውቅም። የሒሳቡ መምህር የልብስ መቆንጠጫም አብሮ ይሰጥ እንደሆነ ጠየቀኝ። ቤቴ ሮጬ አንዱን ልልጥ ብል ሙጫው የመሐንዲሱን ራስ ይዞ ተነሣ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ራስ የሌለው መሐንዲስ ይዤ ማን ልብ ውስጥ እገባለሁ? ተውኩት። አቶ ቢያድግልኝ ግን ደስ ብሎት ቦታ ቀየረልኝ፤ ከግብርናው አንሥቶ ከልብስ ስፌት ትምህርቱ ጎን አደረገኝ።

የቀረኝ ፀጉር ቤቱ ነው። እዚህ ላይ ብልጠቴ ያዘኝ። ዐሥር መጻሕፍት መርጬ፣ በምላጭ የመጨረሻውን ምዕራፍ ቆርጬ አወጣሁ። በቦታው ትንሽ ወረቀት ለጠፍኩ፦ «መጨረሻውን ለማወቅ ሙሉውን ገዝተው ያንብቡ»። ሴቶቹ ተራ ሲጠብቁ ያነባሉ፤ ልባቸው ይንጠለጠላል፤ ሮጠው ይገዛሉ። በራሴ ብልጠት ተደንቄ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ሄድኩ።

ፀጉር ቤቱ መናኸሪያው አጠገብ ነው፤ ባለቤቷ ትርንጎ ትባላለች፤ በእጇም በአፏም ፈጣን የሆነች ሴት። ገና በሩን ስከፍት «ጋሼ፣ ተሳስተዋል፤ የወንዶቹ ቀጥሎ ያለው ነው» አለች። ከዚያ ዓይኗ አናቴ ላይ ዐረፈ። «ለነገሩ እዚያም ምን ያደርጉልዎታል» ስትል ቤቱ በሳቅ ተሞላ። መጻሕፍቱን ሰጥቻት፣ ለደንበኛ ማንበቢያ ነው፣ በነፃ ነው ብዬ፣ ላብ ላብ እያለኝ ወጣሁ።

አንድ ሳምንት ጠበቅሁ። ምንም። ሁለት ሳምንት። አሁን መመላለሻዬ ከመጽሐፍ ሱቁ ወደ ፀጉር ቤቱ ዞረ። ውስጡን ለማየት አንገቴን እያሰገግኩ ጠዋት አልፋለሁ፤ ከሰዓት አልፋለሁ። ይህ ነገር ለእታለም በሦስት የተለያዩ ሴቶች ተነገራት።

«ፀጉር ቤት በር ላይ ምን ትሠራለህ?»

«ገበያ እያጠናሁ ነው።»

«የምን ገበያ?» አለችና መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ በሷ ቦታ ብሆን ጠብቄ እሰማ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ደብረ ማርቆስ ካልሆነልኝ መንገደኛው ይሞክረኝ ብዬ፣ አንድ ሻንጣ ሙሉ መጽሐፍ ይዤ ወደ ሉማሜ ተነሣሁ። እዚያ አውቶቡስ የሚቆምበት ሻይ ቤት ላኖር ነው ሐሳቤ። ደጀን የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከፊቴ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል፤ አንደኛዋ ፀጉሯ ገና ከፀጉር ቤት የወጣ፣ ዘይቱ የሚያበራ ነው። ለጓደኛዋ ታወራለች።

«መሐንዲሱ ተዛውሮ አውቶቡስ ይሳፈራል። አስቴር መስኮት ላይ ቆማ ታለቅሳለች።»

ልቤ ዘለለ። የእኔ አስቴር! በሕዝብ ማመላለሻ ላይ! አንገቴን አስረዘምኩ።

«ታለቅሳለች፣ ታለቅሳለች፤ ከዚያ በድንገት እንባዋን በነጠላዋ ጥርግ! ጫማዋን በወጉ ሳታጠልቅ ሮጣ መኪና ትይዛለች። ደጀን ላይ አውቶቡሱ ለምሳ ቆሞ ትደርስበታለች። መስኮቱን በቡጢ ደብድባ ‹ሻንጣህን ይዘህ ውረድ!› ትለዋለች።»

«ወረደ?» አለች ጓደኛዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ።

«ሻንጣውን ረስቶ ወረደ።»

«እሰይ!» ያለው ከኋላ የነበረ አንድ ሰው ነው። ለካ ሚኒባሱ ሁሉ እየሰማ ኖሯል።

ልንገራችሁ፦ የእኔ አስቴር እንኳን ደጀን ልትደርስ፣ ከመስኮቱም አልተነቃነቀች። አውቶቡሱ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ እሷ ሦስት ገጽ ሙሉ ታለቅሳለች፤ የተወላትን ደብዳቤ ሳትከፍተው ታረጃለች። እኔንም ያስለቀሰኝ ይኸው ነበር።

«ይቅርታ እህቶቼ» አልኩ፣ «እንደዚያ አይደለም የሚያልቀው።»

ባለዘይቷ ዞር አለች። «አንብበውታል?»

«ጽፌዋለሁ።»

የሳቁን መጠን አልነግራችሁም። ከሾፌሩ አጠገብ የተቀመጡ ነጭ ጥምጥም ያደረጉ መሪጌታ ግን እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙልኝ። «እስቲ የእርስዎን ይንገሩን» አሉ። ነገርኳቸው፤ መስኮቱን፣ ሦስቱን ገጽ፣ ያልተከፈተውን ደብዳቤ። እያስተማርኩ ስድስት ዓመት እንደፈጀብኝም ጨመርኩላቸው።

«ለዚህ ነው ስድስት ዓመት የፈጀብዎት?» አለ ያ እሰይ ያለው ሰው።

መሪጌታም ራሳቸውን ነቀነቁ። «መምህር፣ ሰሙን እርስዎ አቅልጠዋል፤ ወርቁን ሌላ ሰው አፍስሶበታል» አሉኝ፣ በሐዘን ቤት ድምፅ።

ሉማሜ መድረሴ ለእኔ እፎይታ ነበር። «ወራጅ አለ!» ብዬ ዘልዬ ወረድኩ። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት ብቅ ብሎ «መምህር፣ ሻንጣዎን ይዘው ይውረዱ! ሻንጣዎን!» እያለ ጮኸብኝ። ቀልድ መስሎኝ ጀርባዬን ሰጠሁ። ባዶ እጄን ያየሁት ሚኒባሱ ወደ ደጀን ከተሰወረ በኋላ ነው።

በተመላሽ መኪና ቀጥታ ወደ ፀጉር ቤቱ ሄድኩ። ትርንጎ የአንዲት ሴት ፀጉር ይዛ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ አስቴርን ማነው ደጀን የላካት?»

«ውይ፣ የእርስዎ ነው እንዴ መጽሐፉ!» አለች፣ ማበጠሪያውን አየር ላይ ይዛ። «ጋሼ፣ ጎድሎ እኮ ነው የመጣው፤ መጨረሻ የለውም። አንዷ ደንበኛዬ ማድረቂያው ውስጥ ራሷን አስገብታ አንብባ ስትጨርስ፣ ‹ከዚያስ? ከዚያስ?› ብላ ልትሞትብኝ ሆነ። ደግሞ በማግሥቱ ሙሽራ ናት። ሙሽራ እያለቀሰች ልስደዳት? አልኩና ጨረስኩላት። ከዚያ ሁሉም ንገሪኝ አለ።»

«ገዝተው ያንብቡ ብዬ ጽፌያለሁ እኮ!»

«እሱንማ የማተሚያ ቤት ስሕተት ነው ብለን ተውነው፤ ልብስ አንጠልጣይ እንደሚለው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አንዷ እንዲያውም ሙሉውን ገዝታ ነበር፤ መጨረሻው ተበላሽቷል ብላ መልሳዋለች» አለች። «እርስዎ እንዴት ነው የጨረሱት?»

ነገርኳት። የትርንጎ እጅም አፍም ቆመ።

«ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «የደረሰብዎት ነገር አለ እንዴ?»

«ምን ይደርስብኛል!» ብዬ ወጣሁ። ጥያቄው ግን መንገዱን ሁሉ ተከተለኝ። ፈጠን ስል ይፈጥናል፤ ቆም ስል ይቆማል።

ቤት ስደርስ እታለም ፀጉሯን ተሠርታ፣ ዓይኗ ቀልቶ ተቀምጣለች።

«ፀጉር ቤት ምን እንደምትሠራ ልይ ብዬ ሄጄ ነበር» አለች። «መጽሐፍህን ሰማሁት።»

በእጄ ጠረጴዛውን ተደገፍኩ።

«ሁልጊዜ ምን ይጽፋል እያልኩ እስቅብህ ነበር። አስቴር መኪና ላይ ስትወጣ ግን…» አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። «ይህን ነገር ልብህ ውስጥ እንደያዝከው አላውቅም ነበር።»

ከተጋባን ሃያ ስድስት ዓመት ነው። እንዲህ አይታኝ አታውቅም። የኔ አይደለም ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩና «አመሰግናለሁ» አልኩ።

«በራሴ ዓይን ላንብበው» አለች ቀጥላ።

«አሁን ቅጂ የለም» አልኩ። በእጄ የተደገፍኩት ጠረጴዛ መጽሐፍ እንደሆነ የታወሰኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው። እታለም ጥልፉን ገለጠች፣ አንዱን አወጣች፣ ከመጨረሻው ጀመረች።

ግቢ ወጣሁ። የተከረከመውን ጌሾ ከረከምኩ። የተጠረገውን በር ጠረግሁ። አጥሩን ሁለት ጊዜ ዞርኩ። በሦስተኛው ዙር በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት፤ መጽሐፉን በጣቷ መሀል ይዛዋለች።

«አስቴርን ለምን መስኮት ላይ አቆምካት?»

«ሕይወት እንዲህ ናት ብዬ ነው።»

«የማን ሕይወት?»

መልሱን እሷም ታውቀዋለች። ወጣት ሳለሁ ቁይ አስተምር ነበር። እታለም የቁይ ልጅ ናት፤ እንዋደድ ነበር። ደብረ ማርቆስ ተዛወርክ ሲሉኝ አባቷን ፈርቼ፣ እሷንም ፈርቼ፣ ደብዳቤ እጽፍላታለሁ ብዬ ሳልሰናበታት ሄድኩ። ደብዳቤውን ጀመርኩት እንጂ አልጨረስኩትም። በሳምንቱ ፍየል የጫነ መኪና ላይ ወጥታ መጣች። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ አየኋት፤ አቧራ ለብሳለች፣ ቀሚሷ ተቀዷል። እኔ የመምህራን ማረፊያው መስኮት ላይ ነበርኩ። ከመጋረጃው ኋላ። አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ቆሜ አየኋት እንጂ አልወጣሁም፤ ዘበኛውን ልካ ነው ያስጠራችኝ።

«መስኮት ላይ የነበርከው አንተ ነህ» አለች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «እኔ መኪና ላይ ነበርኩ። ስድስት ዓመት ጽፈህ፣ ያደረግሁትን ቀምተኸኝ፣ ያንተን ፍርሃት አለበስከኝ። ያቺ ፀጉር ሠሪ ሳታውቀኝ አወቀችኝ።»

መጥረጊያውን እንደያዝኩ ቆምኩ። የዚያን ቀን ያፈርኩት በመጽሐፌ አይደለም። ያ መጋረጃ ምን ያህል ዓመት ተከትሎኝ እንደኖረ ገና ያኔ ገባኝ። አስቴርን ያስለቀስኳት ለራሴ ማልቀስ አፍሬ ኖሯል።

«ይቅርታ» አልኳት፣ ሃያ ስድስት ዓመት ዘግይቼ።

«ይቅርታውን ጻፈው» አለችና ገባች።

በሦስተኛው ቀን ወረቀት ይዤ ስቀመጥ ሽንኩርቷን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። እየከተፈች ታያለች። «በግ የጫነ መኪና ላይ ወጣች» ብዬ ጻፍኩ።

«በግ አይደለም፤ ፍየል ነው።»

ሰረዝኩት። «ስንት ነበሩ?»

«አንዷ ቀሚሴን እየበላች ማን ይቆጥራል?»

ፍየሏንም ጻፍኳት፤ ቀሚሱንም፤ መጋረጃውንም። ደጀንን ግን አልነካሁም፤ እሱ የትርንጎ ነው፤ አስፈቅጃት አስገባሁት። አዲሱን ምዕራፍ በተራ ወረቀት አባዝተን፣ ከየመጽሐፉ አሮጌውን እየቆረጥን፣ አዲሱን እየለጠፍን፣ ሳሎናችን ጠረጴዛ አልባ ሆነ። «ልብስ አንጠልጣይ» የሚለውን እንዳለ ተውነው፤ ሰው በዚያ ስሙ ለምዶታል።

የመጀመሪያዎቹን ቅጂዎች እኔና እታለም አብረን ወደ ፀጉር ቤቱ ወሰድን። ትርንጎ ሥራዋን አቁማ፣ ወንበር ላይ ወጥታ፣ አዲሱን ምዕራፍ ለተሰበሰቡት ሴቶች ጮክ ብላ አነበበችው። እኔ በር አጠገብ ተቀምጫለሁ። ሁለት ጊዜ ልወጣ ተነሣሁ፤ ሁለት ጊዜ እታለም በዓይኗ አስቀመጠችኝ። ፍየሏ ቀሚሱን ስትበላ ሳቁ። መጋረጃው ጋ ሲደርሱ መሐንዲሱን «ፈሪ!» አሉት። መሐንዲሱ ሻንጣውን ረስቶ ሲወርድ አንዷ እልል አለች።

«የእኔ ይበልጥ ነበር» አለች ትርንጎ መጽሐፉን እያጠፈች፣ «ፍየሎቹን ግን እኔ አላስባቸውም ነበር።»

ማድረቂያው ውስጥ ራሷን ያስገባች አንዲት ወይዘሮ ወደ እኔ ዘወር አለች። «ጋሼ፣ ይህ ታሪክ እውነት ነው?»

አፌን ከመክፈቴ፣ ከጎኗ ፀጉሯን የተጠቀለለችው እታለም ቀደመችኝ።

«ፍየሎቹ እውነት ናቸው» አለች። «እሱ ግን ያን ያህል ቆንጆ አልነበረም።»